የትዳር ጓደኛ የቆየ ዕዳና የጋራ መኖሪያ ቤት፦ ቤቱን ከሐራጅ መጠበቅ የሚቻለው እንዴት ነው?

ባልና ሚስት ለዓመታት ተባብረው የሠሩት ቤት፣ አንደኛው ከጋብቻ በፊት በተበደረው ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ሆኖ በፈረመበት ገንዘብ ምክንያት ለሐራጅ ሊቀርብ ይችላል። ቤቱ በጎንደር ከተማ ካርታ የወጣለት፣ ወይም በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋማ ቀበሌዎች በገጠር ይዞታ ላይ የቆመ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጉዳይ በተለምዶ የሚነገሩ ሁለት ሐሳቦች አሉ፦ «ዕዳው የእርሱ ስለሆነ ቤታችንን አይነካም» የሚለውና «ካርታው በእኔ ስም ስለሆነ ማንም አይደርስበትም» የሚለው። ሁለቱም ቤተሰብን ሊያዘናጉ ይችላሉ። ቤትን የሚጠብቀው ዕዳው የማን፣ ቤቱስ የማን እንደሆነ በማስረጃ መለየትና ጊዜው ሳያልፍ ፍርድ ቤት መቅረብ ነው።

ተፈጻሚ የሚሆነው ሕግ

በአማራ ክልል የባልና ሚስት የንብረት ጉዳይ የሚዳኘው በክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ከዚህ በታች በቁጥር የሚጠቀሱት የቤተሰብ ሕግ አንቀጾች የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ናቸው። ጉዳዩ በክልሉ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ግን በአቤቱታው የሚጠቀሰው የክልሉ አዋጅ ተመሳሳይ ድንጋጌ ነው። የሁሉም መነሻ የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥም ሆነ በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

ዕዳው የሚከፈልበት ቅደም ተከተል

ሕጉ ዕዳን በሁለት ይከፍላል። የመጀመሪያው የአንደኛው ተጋቢ የግል ዕዳ ነው። በአንቀጽ 70 መሠረት እንዲህ ያለው ዕዳ በቅድሚያ የሚከፈለው ከባለዕዳው የግል ንብረት ነው፤ የግል ንብረት ከሌለ ግን ወደ ጋራ ንብረት ይኬዳል። ሁለተኛው ለትዳር ጥቅም የተገባ ዕዳ ሲሆን፣ ለቤተሰቡ መተዳደሪያና ለልጆች የዋለ ገንዘብ በዚህ ውስጥ ይገኛል። ለዚህ ዕዳ ሁለቱም በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ስለሆኑ፣ የጋራው ንብረት ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዳቸው የግል ንብረትም ሊያዝ ይችላል።

ለምሳሌ አንድ ሰው ከጋብቻው ከሦስት ዓመት በፊት ለንግድ 80 ሺህ ብር ተበድሮ ሳይከፍል አገባ እንበል። ይህ የግል ዕዳው ነው። ከጋብቻ በፊት የገዛው ባጃጅ ወይም በውርስ ያገኘው ቤት ካለው፣ አበዳሪው በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው። ሚስቱ ከወላጆቿ የወረሰችው ቤት ግን የግል ንብረቷ ስለሆነ ለዚህ ዕዳ አይውልም። ዋናው አደጋ ያለው ሁለቱ በጋብቻ ዘመናቸው በሠሩት ቤት ላይ ነው፤ ባል ሌላ የግል ንብረት ከሌለው ይህ ቤት ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የሚስት የመጀመሪያ መከራከሪያ የባሏ የግል ንብረት የት እንዳለ ማመልከት ነው።

በስም መመዝገብ ብቻውን አይበቃም

በጋብቻ ዘመን የተገኘ ንብረት በአንደኛው ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። አንቀጽ 63 ከዚህም አልፎ፣ ንብረቱ የግል መሆኑን ሦስተኛ ወገን ካላወቀ ወይም ማወቅ የሚገባው ካልሆነ በስተቀር መቃወሚያ ሊሆንበት እንደማይችል ይናገራል።

የወረሰችውን ቤት ሸጣ በገንዘቡ ሌላ ቤት የገዛች ሚስትም ልብ ልትለው የሚገባ ነገር አለ። አዲሱ ቤት የግሏ የሚሆነው እርሷ ጠይቃ ፍርድ ቤት ሲያጸድቅላት ነው። የውርስ ማስረጃውን፣ የሽያጭ ውሉንና የባንክ ደረሰኙን ይዞ ይህን ጥያቄ ዕዳው ሳይመጣ ማቅረብ ቤቱን ከሚጠብቁ እርምጃዎች አንዱ ነው።

ቤቱ በመያዣነት የተሰጠ ከሆነ

የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን መሸጥ፣ ማከራየት ወይም በመያዣነት መስጠት የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። በአንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ መበደርም ሆነ ለዚሁ ያህል ገንዘብ ለሌላ ሰው ዋስ መሆን እንዲሁ ነው። ያልተስማማው ተጋቢ ግዴታው እንዲፈርስ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ጊዜው ግን አጭር ነው፦ ካወቀበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ግዴታው ከተገባ ሁለት ዓመት።

ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ክስ ሳይመሠርት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በቅድሚያ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ይህ ደብዳቤ ሲደርስ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ቤቱን አሳልፎ እንደ መስጠት ነው። የመያዣ ውሉን ቅጂ ጠይቆ የሁለቱም ፊርማ መኖሩን ማየት፣ ከዚያም በክፍያ ጊዜው ላይ መደራደር ይገባል።

ዕዳው ስንት ዓመት ሆነው?

በ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1845 መሠረት፣ ሕግ በሌላ ሁኔታ ካልወሰነ በስተቀር፣ ከውል የመጣ ዕዳ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ሁለት ነገሮችን መርሳት አይገባም። አንደኛ፣ ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ፣ በተለይም ወለድ ወይም ከፊሉን ገንዘብ ከከፈለ ይርጋው ይቋረጥና እንደገና መቆጠር ይጀምራል። ስለዚህ የቆየ ወረቀት ይዞ ለመጣ ሰው ቀኑን ሳያጣሩ ጥቂት ብር መክፈል ወይም አዲስ ሰነድ መፈረም ብዙ ያስከፍላል። ሁለተኛ፣ ፍርድ ቤት ይርጋን በራሱ አነሣሽነት አያነሣም፤ ተከራካሪው ራሱ ማንሣት አለበት። ፍርድ ከተሰጠ ደግሞ ባለመብቱ የአፈጻጸም ማመልከቻ የሚያቀርብበት 10 ዓመት አለው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር መሰጠቱም በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት።

ቤቱ ከታገደ በኋላ

የ1958 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የክርክሩ ተካፋይ ላልነበረ ተጋቢ በር ይከፍታል። በአንቀጽ 418 መሠረት ንብረቱ ለዕዳው ሊያዝ አይገባም የሚል ሰው ለአፈጻጸም ችሎቱ ተቃውሞ ያቀርባል፤ ሐራጁ ታውጆ ከሆነም ሽያጩ እንዲዘገይ መጠየቅ ይችላል። ተቃውሞው ውድቅ ከተደረገ በአንቀጽ 421 መብቱን ለማስከበር ክስ መመሥረት ይቻላል። ፍርዱ ራሱ መብቱን የሚነካ ሆኖ ሳለ በክርክሩ ያልተካፈለ ሰው ደግሞ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት በአንቀጽ 358 መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል። ለሦስቱም የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የቤቱ ካርታ ወይም የይዞታ ደብተር፣ የግንባታና የግብር ደረሰኞች ያስፈልጋሉ።

በገጠር ያለው ልዩነት

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ ስለዚህ የገጠር ይዞታ እንደ ከተማ ቤት ለሐራጅ ተጫራች አይቀርብም። በመሬቱ ላይ ያለው ቤት፣ የተተከለው ባሕር ዛፍ፣ የተሰበሰበው ገብስና ከብቱ ግን የግለሰብ ሀብት ናቸው። በክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት መስፈሩ የሚስትን መብት ያጠናክራል። የመሬት የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ስለተፈቀደ፣ ሚስት የምትፈርመውን ወረቀት አስነብባ ልትረዳው ይገባል።

የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 404 ለቤተሰቡ የሚያስፈልገውን ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃና መኝታ ከመያዝ ይጠብቃል። ገበሬው ለኑሮው የሚያስፈልጉትን ከብቶችና ዘር፣ እንዲሁም የሦስት ወር ቀለብም እንዲሁ። የእርሻ በሬውና የዘር እህሉ ሲወሰድ ዝም ብሎ የሚያይ ገበሬ ሕጉ የሰጠውን መብት አልተጠቀመበትም ማለት ነው።

የማያዋጡ መንገዶች

ዕዳ ከመጣ በኋላ ቤቱን በስጦታ ስም ለሚስት ወይም ለዘመድ ማዛወር ቤቱን አያድንም። አበዳሪው መብቱን ለመጉዳት የተደረገውን ውል ሊቃወም ይችላል። ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመን እርስ በርስ የሚያደርጉት ውልም በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ውጤት የለውም። ለይስሙላ መፋታትም ዕዳን አይሰርዝም።

አስቀድሞ የሚሠራ ሥራ

ከሁሉ የሚቀለው ከጋብቻ በፊት የሚደረገው ነው። ከሰማንያው ጋር ከየወገኑ የመጣው ከብት፣ ገንዘብና ቤት፣ ያለው ዕዳና ዋስትናም ጭምር በጽሑፍ ቢሰፍር የግሉን ከጋራው ለመለየት ያስችላል። በቡድን ዋስትና ብድር የወሰደ ሰው ሌሎቹ አባላት ያልከፈሉት እንዳለ አጣርቶ ለትዳር ጓደኛው መንገር ይጠበቅበታል።

ዕዳው እውነተኛ ከሆነ በሽማግሌ መስማማት ከሐራጅ ይሻላል። የክፍያው ጊዜ ግን በሐምሌና በነሐሴ ሳይሆን እህል ተወቅቶ በሚገባባቸው ወራት ቢደረግ ገበሬው ቃሉን መጠበቅ ይችላል። ጉዳዩ በችሎት ላይ ካለ ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ በመዝገቡ እንዲያያዝ ማድረግ ያስፈልጋል። የጋራው ገንዘብ ለአንደኛው የግል ዕዳ ከዋለም ደረሰኙን ማስቀመጥ ይገባል፤ በንብረት ክፍፍል ጊዜ ሌላኛው ካሳ የሚጠይቀው በእርሱ ነው።

ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነጻ ሕግ ድጋፍ አገልግሎትን ሊጠይቅ ይችላል። ማስጠንቀቂያ ወይም መጥሪያ የደረሰው ቤተሰብ ቀኑን በወረቀቱ ላይ ጽፎ ሰነዶቹን ይዞ በዚያው ሳምንት ምክር መጠየቅ አለበት፤ ሐራጁ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ጥሩ ማስረጃ ቤቱን ላይመልስ ይችላልና።