ሌዘር ያልሆነው ሌዘር

በቶሮንቶ ክረምት ማሞቂያው ቀን ከሌት አይጠፋም። የቤቱ አየር ሲደርቅ ዓይንም አብሮ ይደርቃል፤ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ቡና ይዘው ከተቀመጡ ወገኖቻችን መካከል «ዓይኔን አሸዋ አሸዋ ይለኛል» የሚል አይታጣም። የዓይን ቆቡ ጠርዝ ቀልቶ ሲቆጣና ጠብታው አልበቃ ሲል «ሌዘር» የሚለው ስም ይነሳል። መዝገቡን ላገላበጠ ሰው ግን ነገሩ ሌዘር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1666 ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ማይቦም በዓይን ቆብ ውስጥ የተደረደሩትን የቅባት ዕጢዎች ዘርዝሮ ጻፈ። ቅባታቸው እንባው ላይ በስሱ ተንጣልሎ እንዳይተን ይጠብቀዋል። ዕጢዎቹ ሲደፈኑ እንደ ዘይት ይፈስ የነበረው ቅባት እንደ ጥርስ ሳሙና ይወፍራል፤ እንባው ቶሎ ይተናል፣ ቆቡም ይቆጣል።

ለዚህ ሕመም «ሌዘር» የሚባለው መሣሪያ የተገኘው ከቆዳ ሐኪሞች ዘንድ ነው። ሌዘር ባለ አንድ ቀለም ብርሃን ነው፤ ይህኛው ግን የብዙ ቀለም ቅይጥ የሆነ ኃይለኛ ብልጭታ ነው፤ የፊት መቅላትን ለማከም ሲያገለግል ቆይቷል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሜምፊስ ውስጥ የሚሠራው የዓይን ሐኪም ሮላንዶ ቶዮስ ፊታቸውን በብልጭታው የታከሙ ሰዎች የዓይናቸው ድርቀትም እንደቀለላቸው አስተዋለ። በ2015 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት የ91 ታካሚዎችን መዝገብ ወደ ኋላ ሄዶ የመረመረ ነው፤ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ስለዚህ እኔ ከምስክርነት አላሳልፈውም። የሕክምና ማስረጃ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2020 ይህን ሕክምና ሲፈትሽ ደንቡን ያሟሉ ሙከራዎች ሦስት፣ ተሳታፊዎቹም 114 ብቻ ሆነው አገኛቸው። በዓመቱ፣ በ2021፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኦፕቲላይት የተባለውን መሣሪያ ለዚህ ሕመም ፈቀደ።

ለእኛ የሚከብደው የፈቃዱ ገደብ ነው። የቆዳ ሐኪሙ ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 የጀመረው መለኪያ ዛሬ ቆዳን በስድስት ደረጃ ይከፍላል፤ ፈቃዱ የሚሸፍነው ከ1 እስከ 4 ያለውን ነው። ብዙዎቻችን ከዚያ በላይ ነን። ብርሃኑ የሚያነጣጥረው በቆቡ ጠርዝ ባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ ነው፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ሜላኒን መንገድ ላይ ይቀልበዋል። ቆዳው ሊቃጠል፣ ቀለሙም ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ ነው ቀጠሮ ከመያዝ በፊት ስለ ቆዳ ደረጃ መጠየቅ የሚያስፈልገው።

ቆቡን በሙቀት ብቻ የሚያክሙ መሣሪያዎችም አሉ፤ እነሱ ብልጭታ ስለማይጠቀሙ ሜላኒን አያግዳቸውም። ከሁሉም የሚቀድመው ግን በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ነው፦ የተጨፈነ ዓይን ላይ ይደረጋል፣ በሁለት ደቂቃ ይቀዘቅዛል፣ ደግሞ ይነከራል።