ከባሕር ዳር እስከ ጐንደር፤ የርቀት ልክና የጊዜ ዋጋ



ከባሕር ዳር እስከ ጐንደር ምን ያህል ይርቃል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ መልስ ብቻ አያገኝም። የሁለቱ ከተሞች የአውሮፕላን ማረፊያዎች ርቀት በአየር ሲለካ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና የሚሄድ ግን ጣናን በምሥራቅ ዞሮ፥ በወረታና በአዲስ ዘመን አልፎ፥ ወደ 180 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይቈጥራል። አይሮፕላን ባሕሩን ሲያቋርጥ እግረኛና መኪና ባሕሩን ይዞራሉና።

አባቶቻችን ርቀትን የሚለኩት በቀን ጉዞ ነበር። የተጫነ በቅሎ በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ይህ መንገድ ስድስት ወይም ሰባት ቀን ይፈጃል። ክረምት ሲገባና ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ቀኑ ይበዛል።

የዚህ መዘግየት ዋጋ ምን እንደ ነበረ ታሪክ ይመሰክራል። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የጐጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው ድል ሆኑ። ጠላትም ወደ ጐንደር ገሥግሦ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ሕዝቡንም ማረከ። አፄ ዮሐንስ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እንዲዘምቱ አዘዙ፤ ነገር ግን የሸዋ ጦር በደረሰ ጊዜ ደርቡሽ ተመልሶ ነበር። የዘመኑ ፖለቲካ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፥ የመንገዱ ርዝመት ለጠላት እንዳገዘው የታወቀ ነው።

ወደ አገራችን የመጀመሪያው አይሮፕላን የገባው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። ያን ጊዜ የነበሩት ዳግላስ ሲ 47 የተባሉት አይሮፕላኖች በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይበርሩ ነበር። በዚህ ፍጥነት 100 ኪሎ ሜትር 20 ደቂቃ ይሆናል። ዳሩ ግን አይሮፕላን ከመሬት ተነሥቶ ከፍ እስኪል፥ ዞሮም እስኪያርፍ ድረስ ጊዜ ስለሚወስድ ግማሽ ሰዓት ማለት ይሻላል። የባሕር ዳር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል፥ የጐንደሩም ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አላቸው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ አይሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይሻል። ስለዚህ አጭር በረራ በሙሉ ፍጥነቱ የሚቈየው ለጥቂት ደቂቃ ነው።

እንግዲህ የስድስት ቀን መንገድ ግማሽ ሰዓት ሆነ። ይሁን እንጂ አይሮፕላን የሚያሳጥረው በሁለት ሜዳዎች መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። ከማረፊያው እስከ ገጠሩ ያለው መንገድ ዛሬም በእግር ለሚሄደው ገበሬ እንደ ቀድሞው ረጅም ነው። ከመሥሪያ ቤት በር እስከ ውሳኔ ያለውንም ርቀት አብራሪ አያሳጥረውም። አንድ ደብዳቤ በግማሽ ሰዓት ደርሶ በጠረጴዛችን ላይ ሰባት ቀን ቢያድር፥ ለባለጉዳዩ በበቅሎ ከመጣ ደብዳቤ በምን ይለያል? ሰማዩን ያሳጠሩት መሐንዲሶች ናቸው፤ የቀረውን ማሳጠር ግን የእኛ ፈንታ ነው።