ከመሬት ሥር ያለ ታሪክ



ታሪክ ሲባል ብዙውን ጊዜ የምናስበው ነገሥታት የሠሩትን ሥራና አርበኞች የተዋጉትን ውጊያ ነው። ነገር ግን ሰው ብዕር ሳይጨብጥ የተጻፈ ሌላ የአገር ታሪክ አለ፤ ከምስክሮቹም አንዷ በባሌ ተራሮች፣ በሐረና ጫካ የምትኖር አንዲት ትንሽ እንቁራሪት ናት።

ይህች እንቁራሪት ሰውነቷ ድቡልቡል፣ እግሯም አጭር ነው። በኮሶና በአስታ ዛፎች ጥላ፣ ከበሰበሰ ግንድና ከእርጥብ አፈር ሥር ተሸሽጋ ስለምትኖር ከሊቃውንት ዓይን ለብዙ ዘመን ተሰውራ ኖራለች። ማልኮልም ላርገንና ሮበርት ድሩውስ የተባሉ ተመራማሪዎች ለዓለም የገለጿት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ነው። የወገኗም ስም «ባሌብሬቪሴፕስ» ተባለ፤ ይኸውም የባሌ አጭር ራስ እንደ ማለት ነው።

ዘመዶቿ የሚገኙት በታንዛንያ ተራራማ ደኖችና በደቡባዊ አፍሪቃ ነው። ከነዚህም አንዳንዶቹ እንቁላላቸውን በመሬት ውስጥ ይጥላሉ፤ ልጆቻቸውም በኩሬ ሳይዋኙ እንቁራሪት ሆነው ይወጣሉ። በባሌና በእነዚያ አገሮች መካከል ግን ብዙ መቶ ኪሎሜትር ደረቅ ቆላ ተዘርግቷል። ፀሐይ የሚያደርቃት ፍጥረት ይህን በረሃ በእግሯ አታቋርጠውም። ስለዚህ በጥንት ዘመን እርጥብ ደን አገሮቹን አገናኝቶ ኖሮ፣ አየሩ ሲደርቅ የባሌ ደን እንደ ደሴት ተነጥሎ እንደ ቀረ መገመት ይቻላል።

ይህ ነገር ለሙጃና ለላስታ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ቀይ ቀበሮ በባሌም፣ በላስታው አቡነ ዮሴፍ ተራራም ይኖራል፤ አስታና ጅብራም በሁለቱ ይበቅላሉ። በላስታ ደጋ ግን ደኑ ለእርሻና ለማገዶ ተመንጥሮ፣ የአገር በቀል ዛፍ ጥላ በአብዛኛው የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው። ዛፍ ሲወድቅ ርጥበቱና ለም አፈሩ አብረው ይሄዳሉ፤ በአፈሩ ውስጥ የነበረውም ሳይቈጠር ይጠፋል።

ሐረናም ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም። የእንቁራሪቷ መኖሪያ እጅግ ጠባብ ሲሆን፣ የዛፍ ቆረጣና የከብት ግጦሽ ይበልጥ ስላጠበቡት፣ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ፍጥረታት ጋር ተመዝግባለች። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ታላቅ ክብር ነው፤ ዳሩ ግን መዝገብ ብቻውን መጥረቢያን አይመልስም።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ስለ መሬት የሚጽፍ ሠራተኛ «ባዶ ጫካ» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ይህችን ምስክር ያስብ። የተቃጠለ መጽሐፍ ቅጂው በሌላ ገዳም ሊገኝ ይችላል፤ የሐረና እንቁራሪት ግን ቅጂ የላትም።