«ጅማት» እና «ማሰሪያ»፦ የአንድ የአካል ስያሜ ታሪክ

«የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ተበጥሷል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለተርጓሚ ቀላል፣ ለሐኪም ግን ሁለት ፍች ያለው ነው። የተበጠሰው ጡንቻን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ከሆነ ሕመምተኛው በጣቶቹ መቆም ይሳነዋል፤ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ከሆነ ግን መገጣጠሚያው ይላላል። አማርኛችን ሁለቱንም «ጅማት» ይላል። የግእዙ «ሥርው» ደግሞ ከዚህ ሰፍቶ የተክልን ሥር፣ ጅማትንና ነርቭን ባንድነት ይይዛል።

ይህ የእኛ ቋንቋ ችግር ብቻ አልነበረም። በጥንታዊው ግሪክኛ «ኔውሮን» ማለት ጅማት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ሄሮፊሎስ በእስክንድርያ አስከሬን እየመረመረ ነርቭን ለይቶ ሲያውቅ፣ ይህንኑ ስም አስፍቶ ሰጠው። ከልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ዓመት የጴርጋሞኑ ጋሌን ሦስቱን በመነሻቸው ለየ፤ ይኸውም ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር የሚወጣውን «ኔውሮን»፣ ከጡንቻ የሚወጣውን «ቴኖን»፣ ከአጥንት የሚወጣውን «ሲንዴስሞስ» አለው። የመጨረሻው «ማሰሪያ» ማለት ነው፤ የላቲኑ «ሊጋሜንቱም»ም የወጣው «አሰረ» ከሚል ግሥ ነው።

ስሙ ቢለይም ሐሳቡ ፈጽሞ አልጠራም። ጋሌን «ቴኖን» ከነርቭና ከማሰሪያ የተቀየጠ ነው ብሎ ስላስተማረ፣ ጅማትን በመርፌ መውጋት መንዘፍዘፍን ያመጣል የሚለው ስጋት ለብዙ ዘመናት ብዙ ሐኪሞችን ከመስፋት አግዷል። አልብረኽት ፎን ሃለር በ1752 እ.ኤ.አ. በእንስሳት ላይ መርምሮ ጅማትና ማሰሪያ ስሜት የላቸውም አለ። ዛሬ ግን ማሰሪያ የመገጣጠሚያውን አኳኋን ለአንጎል የሚያስታውቁ የነርቭ ጫፎች እንዳሉት ታውቋል። አብዛኛው አካሉ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ክር ነው፤ የደም ሥሩ ጥቂት ስለሆነም ሲጎዳ ቀስ ብሎ ይድናል።

ሕዝባችን የአካሉን ስም ባይለይም ጉዳቱን ለይቷል። ወጌሻው ዘንድ ማሰሪያው ሲለጠጥ ወይም ሲቀደድ «ወለምታ»፣ አጥንቱ ከቦታው ሲወጣ «ውልቃት»፣ ሲሰበር «ስብራት» ይባላል። ስለዚህ ቃል ከባዕድ ከመዋስ አስቀድመን በእጃችን ያለውን ብንከፍል ይበጃል፦ ለ«ቴኖን» «የጡንቻ ጅማት»፣ ለ«ሲንዴስሞስ» «የአጥንት ማሰሪያ»። ያን ጊዜ ተርጓሚው የጻፈውን ሐኪሙ ሳይጠራጠር ያነበዋል።