ሩቤላ

ሩቤላ (የጀርመን ኩፍኝ) በሳልና በማስነጠስ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ነው። ከተያዙ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ቀለል ያለ ትኩሳት፣ ከጆሮ ጀርባና በማጅራት ላይ የንፍፊት እብጠት፣ ከፊት ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድና በ3 ቀን ገደማ የሚጠፋ ሽፍታ ይታያል። ብዙዎች ግን ምንም ምልክት አያሳዩም።

ክፋቱ በጽንስ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ የሕፃናትን የዓይን ሞራ እናቶቻቸው በእርግዝና ወቅት ከያዛቸው ሩቤላ ጋር አያያዘ። እናት በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ከተያዘች ጽንሱ የመጎዳት ዕድሉ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል፤ ውርጃ፣ መስማት መሳን፣ የልብ ጉድለት ሊያስከትል ይችላል።

ስለዚህ እንደ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉ፣ ሠራተኞች በአንድ አዳራሽ ተጠጋግተው በሚውሉባቸው ቦታዎች ሽፍታ በዋዛ መታለፍ የለበትም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት፤ ደንጊም፣ ኩፍኝም፣ ሩቤላም ትኩሳትና ሽፍታ ስላላቸው የሚለያቸው የደም ምርመራ ነው። ሩቤላ ሽፍታው ከመውጣቱ 7 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 7 ቀን በኋላ ስለሚተላለፍ ለታማሚው የሕመም ፈቃድ ይሰጠው፤ አብራው የዋለች ነፍሰ ጡርም ሳትዘገይ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። መከላከያው ክትባት ነው፤ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለበት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ የተከተበችም ሴት ለ1 ወር ከማርገዝ ትቆያለች።