ከአውራ ጎዳናው በላይ

ረቡዕ፥ ኦክቶበር 14 ቀን 2015፥ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ፥ ለእግረኛ ድልድይ ሥራ በጆሐንስበርግ ኤም 1 አውራ ጎዳና ላይ የቆመ የብረት መደገፊያ ተደርምሶ ከሥሩ በሚያልፉ መኪናዎች ላይ ወደቀ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ 19 ቆሰሉ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔም በዚያው ዕለት ረፋድ ላይ በዚያው ብረት ሥር ነድቼ አልፌ ነበር። ወሬውን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «እኔ ብሆንስ ኖሮ» የሚል ነበር። ድልድዩ ለማን ይሠራ እንደ ነበረ ማሰቤ ዘግይቶ መጣ። ብዕር ያስነሣኝ ይኸው መዘግየቴ ነው።

ድልድዩ ይሠራ የነበረው ከአሌክሳንድራ ወደ ሳንድተን በእግራቸው ለሚመላለሱ ሰዎች ነው። አንዱ የድኾች ሠፈር፥ ሌላው የባንኮችና የባለጸጎች መንደር ሲሆን፥ በመካከላቸው ያለው ርቀት ጥቂት ኪሎሜትር ብቻ ነው፤ ግን አውራ ጎዳናው ለሁለት ይከፍላቸዋል። የከተማው የልማት ድርጅት በየቀኑ 10,000 ያህል እግረኞች እንደሚመላለሱ ይገምት ነበር። ዘበኛው፥ ጽዳት ሠራተኛዋ፥ ምግብ አብሳይዋ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፥ ለመኪና በተሠራው ድልድይ ጠርዝ ላይ፥ ወደ ጎዳናው በሚገቡና በሚወጡ መኪናዎች መካከል እየተሹለከለኩ ይሻገራሉ። ለዓመታት በመስተዋቴ ውስጥ አይቻቸዋለሁ። አየሁ ማለት ግን ጠየቅሁ ማለት አይደለም።

አሌክሳንድራ የእግረኞች አገር መሆኗ የትናንት ነገር አይደለም። የተቆረቆረችው በ1912፥ ጥቁሮች በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል መሬት እንዳይገዙ የከለከለው የ1913 ሕግ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በመሆኑ፥ ነዋሪዎቿ የመሬት ባለቤቶች ለመሆን በቅተው ነበር። በጃንዋሪ 1957 የአውቶቡስ ኩባንያው ዋጋውን ከአራት ፔኒ ወደ አምስት ፔኒ ሲያደርገው፥ ሕዝቡ «አዚክዌልዋ»፥ ማለትም «አይሳፈሩባትም» ብሎ ተነሣ። ወደ ከተማው 15 ኪሎሜትር ያህል፥ ሲመለስም ያንኑ ያህል፥ በዝናብም በፀሐይም ሦስት ወር ሙሉ ተጓዘ። የጉልበት ሕመም ሳክም የኖርሁ ሐኪም ነኝና፥ ያን ጉዞ ሳስበው ጀግንነቱ ብቻ ሳይሆን ውሃ የቋጠረው ተረከዝና ያበጠው ቁርጭምጭሚት ጭምር ይታየኛል። አንዲቱ ፔኒ በመጨረሻ ከተሳፋሪው ጫንቃ ወረደች። የ1957ቱ እግረኛ በመጻሕፍት ገባ። ከዚያ ወዲህ ለሳንቲም ሲል ብቻ የሚራመደውን ግን የታሪክ ሰው አላየውም።

ከአደጋው በኋላ የሥራ ደኅንነት ሕግ በሚያዝዘው መሠረት የመንግሥት ምርመራ ተከፈተ። ብዙ ምስክር ተሰማ፤ ስለ ብረቱ ማያያዣና ስለ አገጣጠሙ ባለሙያዎች ተከራከሩ፤ አንዱ ወገን በሌላው ላይ ጣቱን ቀሰረ። ዘገባው ለዐቃቤ ሕግ እስኪተላለፍ ከአምስት ዓመት በላይ ፈጀ። የሟቾቹ ቤተሰቦች ያን ሁሉ ጊዜ ጠበቁ። የምርመራውን አስፈላጊነት አልክድም፤ የተላላ ብሎን ሰው ይገድላልና። ነገር ግን ጉዳዩ የሥራ ቦታ አደጋ ተብሎ ስለ ተመዘገበ፥ አሥር ሺህ ሰው ያለ መሻገሪያ ያን ያህል ዘመን ለምን ተተወ የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ችሎት አልነበረም።

ከታካሚዎቼ አንዱ በአይቮሪ ፓርክ ትንሽ ሱቅ ያለው የአገሬ ሰው ነው። አይቮሪ ፓርክ ከከተማው በስተሰሜን፥ ከቴምቢሳ አጠገብ፥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሌክሳንድራና በቴምቢሳ መጠጊያ ያጡ ሰዎች የሰፈሩበት ነው። እርሱም ቀድሞ አሌክሳንድራ ነበር፤ ወገኖቻችን «ሎኬሽን» በሚሉት ሠፈር ውስጥ አልጋ ልብስ ተሸክሞ ከቤት ቤት እየዞረ በዱቤ ይሸጥ ነበር። ሜይ 11 ቀን 2008 በባዕዳን ላይ የተነሣውና በመላ አገሪቱ ከ60 በላይ ሰዎች ያለቁበት ጥቃት የጀመረው እዚያው ነውና፥ ዱቤውንም ዕቃውንም ጥሎ ነፍሱን ይዞ ወጣ። ወደ እኔ ያመጣው ያ ሁሉ ሸክም ያደከመው ጉልበቱ ነው።

መደገፊያው በወደቀ ሰሞን፥ «ዶክተር፥ እኛ ዘንድ ድልድይ የሚፈርሰው ጠላት ሲመጣ ነው» አለኝ። የሞጣ ሰው ነው፤ ያሰበው ሰባራ ድልድይን ነበር። ከዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ጀምሮ ሞጣንና አንዳቤትን በዓባይ ላይ ያገናኝ የነበረው ያ የድንጋይ ድልድይ፥ ጣሊያን እንዳይሻገርበት ተብሎ ቅስቱ በአርበኞች ፈርሷል። ሲያፈርሱት አርባ ሰዎች አብረው ወደ ወንዙ እንደ ወረዱ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ እስከ 2002 ድረስ፥ ስድሳ ዓመት ያህል፥ ገበያተኛው በክፍተቱ ላይ በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ። በዚያ ዓመት ቢጠገንም ጥገናውን በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ ተንጠልጣዩ የእግረኛ ድልድይ የተሠራው በ2009 ነው። የአርባዎቹን ነገር ልጅ ሳለሁ ሰምቻለሁ፤ ስለ ገመዱ ግን የነገረኝ ይህ ታካሚ ነው። እናቱ ጨው ይዛ ተሻግራበታለች።

የጆሐንስበርጉም ድልድይ ከጊዜ በኋላ ተጠናቀቀ። አንድ እሑድ ከዚሁ ሰው ጋር በእግር ሄድንበት። በአሌክሳንድራ አቅጣጫ ወዳለው ጫፍ ስንቃረብ ቆመ። «ጋሼ፥ እርስዎ ይሂዱ፤ እኔ እዚህ እጠብቅዎታለሁ» አለኝ። ጉልበቱን አሞት እንደ ሆነ ጠየቅሁት። አላመመውም። አጠገቡ ቆሜ ቁልቁል ተመለከትሁ፤ ሁልጊዜ የምነዳበትን መስመር ከላይ ሆኜ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።