ስለ ጠባብ ፊልምና ስለ ድምፅ ማሳያ መኪናዎች ታሪክ

ሲኒማ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትልቁን አዳራሽ፣ ቲኬት የሚቆረጥበትን በርና ግድግዳ የሚያህለውን ነጭ መጋረጃ ነው። ነገር ግን የተንቀሳቃሽ ሥዕል ታሪክ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የሰፊው ፊልም መንገድ ሲሆን ወርዱ 35 ሚሊሜትር ነው፤ ይህም የከተማው ሲኒማ ቤት ነው። ሁለተኛው የጠባቡ ፊልም መንገድ ነው፤ ይኸውም በመኖሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በሚሲዮን ግቢና በገበያ ሜዳ የታየው ነው። ወደ መንዝና ወደ ግሼ ደጋ፣ የጀማን ገደል ወርዶና ወጥቶም ወደ መርሐ ቤቴ ሊደርስ የሚችለው ይህ ሁለተኛው ነው እንጂ የፊተኛው አይደለም። የሰፊው ፊልም ማሳያ መኪና በአንድ በቅሎ ጀርባ የሚጫን አይደለምና።

ዛሬ በአውሮጳና በአሜሪካ ይህን የቀረ ጠባብ ፊልምና አሮጌውን የድምፅ ፕሮጀክተር እየፈለጉ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ የበዓል መጽሔት ስለ እነርሱ መጻፍ የፈለግሁት የትርፍ ጊዜ ጨዋታቸው ስለ አስደነቀኝ ብቻ አይደለም፤ የእኛም አገር መልክ በእነዚያ ቆርቆሮዎች ውስጥ ተጠቅልሎ ሊገኝ ስለሚችል ነው። ለአንባቢ እንዲመች የውጭ አገሩን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በአገራችን አቆጣጠር አደርገዋለሁ።

የመጀመሪያው ፊልም የሚሠራበት ናይትሬት ከባሩድ ጋር የሚዛመድ ነገር ነበረ። ቶሎ ይቀጣጠላል፤ አንድ ጊዜ ከተያያዘም ውኃ ውስጥ ሳይቀር ይነዳል። እንዲህ ያለውን ነገር ልጆች በተኙበት ቤት ማሳየት ስለማይገባ እሳት የማይፈጥንበት፣ አሴቴት የሚባል ፊልም ተፈለገ። በ1912 የፈረንሳዩ ፓቴ ኩባንያ 28 ሚሊሜትር ወርድ ያለውን ፊልም «ኮክ» ከተባለው ማሳያ ጋር አወጣ። በዚያው ዓመት ኤዲሰን በአሜሪካ 22 ሚሊሜትር ፊልም አወጣ፤ በዚህ ፊልም ላይ ሥዕሎቹ በሦስት ረድፍ ጎን ለጎን ታትመው አንደኛው ረድፍ ወደ ፊት፣ ሁለተኛው ወደ ኋላ፣ ሦስተኛው እንደገና ወደ ፊት እየሄደ ይታይ ነበር። ብልሃቱ የሚያስደንቅ ቢሆንም ገበያ አላገኘም፤ ዛሬ ግን ሰብሳቢዎች ከሚመኙት ብርቅ ነገር አንዱ እርሱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ግን ኮክ ነው። ይህ መኪና ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም፤ እጀታውን የሚያዞረው ሰው ፊልሙን ሲያንቀሳቅስ፣ አብሮ የሚዞር ትንሽ ዲናሞ ለአምፑሉ መብራት ይሰጠዋል። እጅ ሲደክም መብራቱም ይደክማል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ባልደረሰበት አምባ ላይ ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ መኪና ማሰብ ያስቸግራል፤ እንዲህ ያለው ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተረሳ።

በ1922 መጨረሻ ፓቴ «ፓቴ ቤቢ» የተባለውን የ9.5 ሚሊሜትር ፊልም ለገና በዓል አወጣ። የዚህ ፊልም ቀዳዳ በጠርዙ ሳይሆን በመካከሉ፣ በሥዕልና በሥዕል መካከል ስለ ሆነ የፊልሙ ወርድ ሁሉ ለሥዕሉ ይተርፋል። ጉዳቱም በዚያው ነው፤ የመኪናው ጥፍር ቀዳዳውን ከሳተ የሚቧጭረው የሰዎቹን ፊት ነው። ደግሞ ፊልም ለመቆጠብ አንድ ዘዴ ነበረው፤ የሚነበብ ጽሑፍ ሲደርስ በጠርዙ የተቆረጠች ትንሽ ጥርስ ፊልሙን ለጥቂት ሰከንድ ታቆመውና ሰው አንብቦ ሲጨርስ መኪናው ይቀጥላል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1923፣ የአሜሪካው ኮዳክ 16 ሚሊሜትሩን አመጣ። ወርዱ ለምን 16 ሆነ ቢባል፣ አንድ ስስታም ነጋዴ አደገኛውን 35 ሚሊሜትር ለሁለት ሰንጥቆ 17.5 አድርጎ በቤት መኪና እንዳያስገባ ነው ይባላል። 17.5 ራሱ ግን አልቀረም፤ ፓቴ «ሩራል» ብሎ ለፈረንሳይ ገጠር በዚያ ወርድ ፊልም አውጥቶ ነበር። ስሙም እንደሚያመለክተው ለባላገር የታሰበ ነበረ። ጀርመኖች ፈረንሳይን በያዙበት ዘመን ግን እንዲቀር ተደረገ። የገንዘብ ችግር በዓለም በጸናበት በ1932 ኮዳክ 8 ሚሊሜትሩን ጨመረ፤ ይኸውም የ16ቱን ፊልም አንድ ጎን ካነሡበት በኋላ ገልብጦ ሁለተኛውን ጎን ማንሣትና ከታጠበ በኋላ ለሁለት መሰንጠቅ ነው። «ሱፐር 8» የተባለው በ1965 መጣ።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ፤ ይህ ክፍል ሳይንስ ለሚወዱ ተማሪዎች ሳይጣፍጥ አይቀርም። ድምፅ አልባው 16 ሚሊሜትር በግራም በቀኝም ቀዳዳ ነበረው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ አንዱን ረድፍ ቀዳዳ ትተው በቦታው የድምፅ መስመር አተሙበት። ከመስመሩ በስተጀርባ ትንሽ አምፑል ይበራል፤ ብርሃኑ በቀጭን ስንጥቅ ገብቶ በመስመሩ ውስጥ ያልፋል፤ መስመሩ ሲሰፋና ሲጠብ የብርሃኑ መጠን ይለዋወጣል፤ ፎቶሴል የተባለው የብርሃን ዐይን ይህን መለዋወጥ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ከዚያ ወደ ድምፅ ማጉያው ይሄዳል። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። በሥዕሉ መስኮት ፊልሙ በሰከንድ 24 ጊዜ እየቆመ እየተነሣ ነው የሚሄደው፤ ድምፅ ግን መቆምን አይወድም፤ እንደ ወንዝ መፍሰስ አለበት። ስለዚህ ፊልሙ በመካከል ልቅ ብሎ እንዲታጠፍ አድርገው ድምፁን ከሥዕሉ 26 ሥዕል ያህል አስቀድመው አተሙት። ሰውየው አፉን ሲከፍት የምንሰማው ቃል በፊልሙ ላይ ያለው ከአፉ ጎን አይደለም፤ ከአንድ ሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ቀድሞ ሄዶአል። መኪናውን የሚያሰናዳው ሰው ያንን እጥፋት ቢያሳጥር ወይም ቢያስረዝም ንግግሩ ከከንፈር ጋር አይገጥምም።

በዚህ ሁኔታ የተሠሩት እንደ ቤል ኤንድ ሃዌል ያሉ የድምፅ ፕሮጀክተሮች ናቸው ከጄኔሬተር ጋር በመኪና ተጭነው በብዙ አገር ገጠር የዞሩት። የውጭ መንግሥታት የማስታወቂያ ቢሮዎችና ሚሲዮኖች ስለ ጤና፣ ስለ እርሻና ስለ አገራቸው የሚናገር ፊልም ያሳዩባቸው ነበር። አንድ አዛውንት ዘመዴ በልጅነታቸው በገበያ ሜዳ ያዩትን ሲያጫውቱኝ ከፊልሙ ታሪክ አንዲት ነገር አላስታወሱም። በልባቸው የቀረው የሞተሩ ጩኸት ከተናጋሪው ድምፅ መብለጡና በብርሃኑ ጨረር ውስጥ አቧራው ሲበን መታየቱ ነው። በአዲስ አበባም ቢሆን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው የታወቀ ነው። በ1957 ዓ.ም. የታየው «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው የአገራችን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም በ35 ሚሊሜትር የተሠራ ስለ ነበረ የከተማው መንገድ ልጅ ነው።

የጠባቡን ፊልም ትልቅነት ያሳየው ሌላ ሰው ነው። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በአብዮቱ ወራት ከሚማርበት ከአሜሪካ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊሜትር በሁለት ሳምንት ያህል አነሣው። የሚናገረው በባለ መሬት ሥር ስለሚደክም የገበሬ ቤተ ሰብ ነው፤ በ1968 ዓ.ም. ተፈጸመ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ እኔም በእርሳስ አስቤው በ16 ሚሊሜትር ርዝመቱ ከ1,600 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ በሰፊው ፊልም ቢሆን ኖሮ ከ4,100 ሜትር በላይ ይሆን ነበር። ገንዘብ የሌለው ተማሪ ይህን ሥራ ለመሥራት የቻለው በጠባቡ ፊልም ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ይህ ፊልም በኋላ በጣሊያን የቦሎኛ የፊልም ቤተ መዘክርና የአሜሪካዊው ማርቲን ስኮርሴዚ ድርጅት ጠብቀውት ዛሬ በጥሩ ሁኔታ ይታያል።

መርሐ ቤቴን በሚመለከት አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ካርልሃይንትስ በምን «ሰዎች ለሰዎች» በተባለው ድርጅቱ በወረዳችን የማያውቀው የለም፤ ድርጅቱን በ1981 አቋቁሞ፣ በ1992 በመርሐ ቤቴ ሥራ ጀመረ፤ የዓለም ከተማውም እናት ሆስፒታል የሥራው ምስክር ነው። ይህ ሰው ቀድሞ የታወቀ የሲኒማ ተዋናይ ነበረ። በ1960 በተሠራው «ፒፒንግ ቶም» በተባለው የእንግሊዝ ፊልም ውስጥ 16 ሚሊሜትር ካሜራ ከእጁ የማይለይ፣ አባቱ በሕፃንነቱ ያነሣውን የቤት ፊልም በጨለማ እያሳየ የሚሠቃይ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ተጫውቶአል። ፊልሙ በወጣ ጊዜ ክፉኛ ተነቀፈ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ከምርጦቹ ተቆጠረ፤ እንደገና እንዲታይ ከረዱትም አንዱ ያው ስኮርሴዚ ነው። የጠባቡን ፊልም አስፈሪ ገጽታ ለዓለም ያሳየው ሰው በጀማ ማዶ የውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር መታየቱ ለእኔ ከማንኛውም ልብ ወለድ ይበልጣል።

ወደ ሰብሳቢዎቹ ልመለስ። ትጋታቸው የሚመሰገን ነው። የጎማው ቺንጋ ይደርቃል፤ በኋለኞቹ የቤል ኤንድ ሃዌል መኪናዎች ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ይሰነጠቃል፤ አምፑሉ ከገበያ ጠፍቶአል፤ እነርሱ ግን አንዱን መኪና ለመጠገን ሌላውን ፈትተው ያድኑታል። እነርሱ ባይኖሩ የ9.5 ወይም የ28 ሚሊሜትር ፊልም ያለው ሰው በምን ያየዋል? ይሁን እንጂ አንድ የማልቀበለው ነገር አለ። አንዳንዱ ሰብሳቢ የሚወደው ወርዱን፣ ቀዳዳውንና የመኪናውን ቀለም ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ አገራችን መጡ፤ ከእነርሱም በፊት ሚሲዮናውያንና መንገደኞች ነበሩ። ዘመኑ የ8 ሚሊሜትር ካሜራ ዘመን ነው። አንዱ በመሐል ሜዳ ገበያ ባና የለበሰውን ገበሬ፣ ሌላው የጥምቀቱን ሰልፍ አንሥቶ ቢሆን ፊልሙ ዛሬ ያለው በባዕድ አገር ሰገነት ላይ ነው፤ ቆርቆሮው ላይም «አፍሪካ» ከሚል በቀር ሌላ ላይኖርበት ይችላል። ስለ መንዝ ዶናልድ ሌቪን እዚህ ተቀምጦ አጥንቶ በ1965 «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ጽፎልናል፤ መጽሐፍ ግን የአያቶቻችንን አረማመድ አያሳይም። እንዲህ ያለውን ፊልም አይቶ «ይህ ሞላሌ ነው፤ ያ ደግሞ የእገሌ ቤት ነው» የሚል ሰው ሊገኝ የሚችለው እዚሁ ነው፤ እርሱም በየዓመቱ እያነሰ ነው።

ፊልሙም አይጠብቅም። እሳት የማይፈጥንበት የተባለው አሴቴት ሌላ በሽታ አለበት፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው አሲድ ያወጣል፤ ሽታውም የኮምጣጤ ነው። ከዚያ ይኮማተራል፣ ይጠመዘዛል፣ በመጨረሻም በማናቸውም መኪና አይገባም። በተራ ክፍል ሙቀት ይህ የሚጀምረው ወደ 40 ዓመት ገደማ ነው ይባላል፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ከሆነ እጅግ ይዘገያል። እዚህ ላይ የመንዝ ብርድ፣ ሁላችን በየማለዳው የምናማርረው ብርድ፣ ባለ ዋጋ ሆኖ ይገኛል። የጓሳ ምድር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ያንንም ሣር አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ ጠብቀውታል። ፊልም ጠብቁ ቢባሉ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም ነበር። በጀማ ቆላ የተቀመጠ ቆርቆሮ ግን ቶሎ ይጠፋል።

ስለዚህ ወላጆችና መምህራን በአሮጌ ሣጥን ወይም በግምጃ ቤት የፊልም ጥቅል ብታገኙ፣ በአሮጌ ፕሮጀክተር ለማየት አትቸኩሉ፤ የተኮማተረ ፊልም በጥፍሩ ይቀደዳልና። ወርዱን በማስመሪያ ለኩ፤ ከቆርቆሮው ላይ ያለውን ጽሑፍ ቅዱ፤ ማን እንዳነሣው የሚያውቅ ሰው ካለ ስሙንና ዘመኑን ጻፉ። ወለል ላይ ሳይሆን መደርደሪያ ላይ፣ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ከተገኘ ከጤነኞቹ ተለይቶ ለብቻው ይሁን፤ አሲዱ ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ ይጋባል።